ዳንቴል የለበሰው ሰርቨር

ልጄ ሜሮን ለትምህርት ጅማ ስትሄድ አሮጌውን ኮምፒውተራችንን ሳሎን ጥግ አስቀምጣ፣ «እማዬ፣ ሰርቨር አድርጌዋለሁ፤ የሠራሁት ድረ ገጽ ያለው እዚህ ውስጥ ነው፤ እንዳይጠፋ አደራ» አለችኝ። እኔም አቧራ እንዳይነካው ብዬ ወፍራም ዳንቴል አለበስኩት።

አንድ ቀን ደወለች። «እማዬ፣ መምህሬ ፊት ነኝ፤ ገጹ አልከፈት አለ።» ኮምፒውተሩን ብነካው እንደ ካውያ ግሏል፤ ጠፍቷል። ዳንቴሉን ነገርኳት። «ውይ እማዬ፣ መተንፈሻውን ዘግተሽበት ነው» አለች። ልጄን በሰው ፊት አሳፈርኳት ብዬ ልቤ ተሰበረ። ገልጬው፣ ትንሽ እስኪበርድ ጠብቄ፣ በስመ አብ ብዬ ቁልፉን ተጫንኩት።

«ተከፈተ» ስትል ሰማሁ። መምህሩም፣ «ለመሆኑ ሰርቨሩን የሚጠብቅልሽ ማነው?» አላት።

«እናቴ ናት፣ ሐዋሳ» አለች፣ ኮራ ብላ።

መምህሩ የሚያየኝ ይመስል ነጠላዬን አስተካክዬ ቆምኩ።