ጠጠር ላወጣ ቆም ብል

ሰባተኛ ታክሲ ተራ ላይ ከጫማዬ ጠጠር ላወጣ ቆም ብል ሰዉ ከኋላዬ ተሰለፈ። ታክሲ ሲመጣ ሰተት ብዬ ገባሁ፤ እነሱም ተከተሉኝ። ከኋላዬ አንዲት ተማሪና አንድ ጨርቅ ነጋዴ ተቀመጡ። ጆሮዬ መቼም አያርፍ።

«ጋሼ፣ ሲሊከኑ ለምን እንደተበላሸብኝ ዛሬ አራት ኪሎ ሄጄ ለመምህሬ ካላስረዳሁ አልመረቅም።»

«ሲሊከን ደሞ ምንድነው?»

«ሶላር የሚሠራበት ክሪስታል ነዋ። ረድፍ በረድፍ እየተደረደረ ነው የሚያድገው። ትንሽ እንከን ካለበት ግን እዚያ ላይ አንዱ ረድፍ ዞሮ ይቀመጣል። የሚቀጥለው ሁሉ እሱን ተከትሎ ይደረደርና መንታ ክሪስታል ይወጣል።»

«ዝም ብሎ ይከተላል?»

«የሚያየው ከፊቱ ያለውን ብቻ ነዋ።»

«ምን ዓይነት ጅል ነው! ረዳት፣ ፒያሳ ወራጅ አለ!»

«ይሄ እኮ የጦር ኃይሎች ታክሲ ነው ጋሼ! የፒያሳ ሰልፍ ከማዶ ነበር» አለ ረዳቱ።

«ታዲያ ለምን እዚህ ተሰለፍን?»

«እኔ እርስዎን አይቼ ነው» አለች ልጅቷ።

«እኔ ደሞ ከፊቴ ያሉትን አይቼ!»

ልጅቷ ሳቀች። «በቃ፣ ለመምህሬ እንዲህ ብዬ ነው የማስረዳው! ወራጅ አለ!»

«ቆይ ቆይ፣ ታዲያ እንከኑ ማነው?» አለ ነጋዴው።

እኔ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ እንቅልፍ የወሰደኝ መሰልኩ።