ስልኩ «እንኳን ደህና መጡ» እንዳይለን

እሺ፣ እሺ፣ አንዴ ዝም በሉልኝማ። ማይክ የለም። ለምን እንደሌለ ታውቃላችሁ፤ እዚያ ጥግ ያለው ኮምፒውተር ሥራ ላይ ስለሆነ እትዬ ቆይ አንድም ተጨማሪ ነገር ሶኬት ላይ እንዳይሰካ ከልክለዋል። በገዛ የጡረታ ሽኝታቸው ቀን! ኬኩን እንኳ ቀስ ብላችሁ ቁረጡ፣ ጠረጴዛው ይነቃነቃል ተብለናል። እንግዲህ እኔ እጮሃለሁ፣ እናንተ ትሰማላችሁ።

እርስዎም እትዬ፣ እባክዎ ዓይንዎን ከዚያ ስክሪን ላይ ይንቀሉልኝና ወደ እኔ ይዩ። እኔ ፊቴን ወደዚያ አድርጌ ነው የቆምኩት፤ ጭነቱ የደረሰበትን የሚያሳየው መስመር ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። የሆነ ነገር ከተፈጠረ እነግርዎታለሁ።

እዚህ የስልክ ጥገና ቤት ከመጡበት ቀን ልጀምር። ያን ቀን አንድ ደንበኛ አጠገቤ አስቀምጬ፣ ስልኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቼ፣ «ጀምር» የሚለውን ልጫን ስል ከበሩ በኩል «ቆይ!» የሚል ጩኸት መጣ። እኔ ዘለልኩ። ደንበኛው ዘለለ። ሻዬ ኪቦርዱ ላይ ተደፋ። ዞር ስል ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ያቀፉ ሴትዮ ቆመዋል።

«ምነው እናቴ፣ ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

«ባትሪው ስንት ነው?»

«የምን ባትሪ?»

«የስልኩ ነዋ! መሃል ላይ ቢሞትብህስ?»

ወደ ደንበኛው ጠጋ ብዬ «እናትህ ናቸው?» አልኩት። እሱ ደግሞ ደንግጦ «የአንተ አይደሉም እንዴ?» አለኝ። ሁለታችንም እናት ፍለጋ ስንተያይ አለቃችን ከኋላ መጣና «ተዋወቁ፣ አዲሷ የሶፍትዌር ባለሙያችን ናቸው» አለ። ባትሪው ግን እውነትም ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር። እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ቆይ አልናቸው፤ ስሙም ሙጭጭ ብሎ ቀረ።

ከቤተሰብ ለመጣችሁ እንግዶች የኛን ሥራ በአጭሩ ልንገራችሁ። ስልካችሁ «አዲስ አፕዴት መጥቷል፣ ልጫን?» ይላችኋል። እናንተ «እሺ» ትላላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም። አንዳንዴ ግን ስልኩ ሎጎው ላይ ተገትሮ ይቀራል፤ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል፣ ይጠፋል። ሌላው ደንበኛችን ደግሞ ሮም የሚጭነው ነው፤ ፋብሪካው ያስገባበትን ሲስተም አውጥቶ ሌላ ሰው የሠራውን ያስገባል። ሲሳካ ያረጀ ስልክ ነፍስ ይዘራል። ሳይሳካ እኛ ጋ ይመጣል።

አንድ የታክሲ ሹፌር ታስታውሳላችሁ? የሌላ ስልክ ሮም ስልኩ ላይ ጭኖ፣ ላዩን ሲነካው ታቹ የሚሠራበት ሰውዬ። ደንግጦ ወዲያው የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ ስንት ጊዜ እንደዚያው ሲጠቀምበት ከርሞ ነው። እትዬ አስተካክለው ሲሰጡት ፊቱን አኮሳትሮ ነካ ነካ አደረገና «አሁን ደግሞ ማን ያስለምደኛል?» አላቸው። እትዬም «ከፈለግክ መልሼ ላበላሽልህ እችላለሁ፣ ግን ቆይ፣ ባትሪው ስንት ነው?» አሉት።

ኬብሉንስ? «መጀመሪያ ኬብሉን ቀይር» ያልተባለ ሰው እዚህ ቤት ካለ እጁን ያውጣ። ስልኩ አልበራ አለ፣ ኬብል። ኮምፒውተሩ ስልኩን አላየው አለ፣ ኬብል። ይሄ የሃርድዌር ባለሙያችን፣ ብየዳ የምንለው፣ አንድ ቀን ፊቱ ጠቁሮ ገብቶ «ሚስቴ አኩርፋኛለች» ቢላቸው አንገታቸውን ከሥራቸው ላይ ሳያነሱ «ኬብሉን ቀይረህ ሞክረሃል?» አሉት። ደህናውን ኬብል ደግሞ በሻርፕ ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ይዘውት ነው የሚዞሩት። ዛሬም እዚያ ጥግ የተሰካው ያው የሻርፑ ኬብል ነው።

ይቆዩ... አይ፣ ደህና ነው። መስመሩ ትንሽ ቆሞብኝ ነው፤ ሄዷል። ግማሹን አልፏል። ይቀመጡ እትዬ፣ እኔ አለሁ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ጥያቄያቸው። ምንም ዓይነት ስልክ ከመንካታቸው በፊት ደንበኛውን አስቀምጠው «ከዚህ ውስጥ ምኑ እንዳይጠፋብህ ነው የምትፈልገው?» ይሉታል። በቃ ሳይመልስላቸው አይነኩትም። አንዱ ወጣት «ምንም የለውም፣ ያጥፉት» አላቸው። «ቆይ፣ ሻይ ጠጥተህ ተመለስ» አሉት። እየተነጫነጨ ወረደ። ሻዩን ሳይጨርስ ደረጃውን እየሮጠ ተመልሶ መጣ፤ ትንፋሹ ተቆራርጧል። «እንዳይነኩት! ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ የተራመደችበት ቪዲዮ አለበት!» እትዬ ስልኩን ከመሳቢያቸው አውጥተው አሳዩት፤ ከኮምፒውተሩ ጋር እንኳ አላገናኙትም ነበር።

አሁን ሳቃችሁን ዋጥ አድርጉልኝ፤ የሚከብደውን ልናገር ነው።

በኛ ሥራ ከሁሉ የሚያስጠላ ቃል የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ? «እንኳን ደህና መጡ።» ሌላው ሰው ሲሰማው ደስ የሚለው ቃል እኛን ያርደናል። የተበላሸ ስልክ ላይ ሲስተም መልሰህ ትጭንና ትጠብቃለህ። ስልኩ ሲነሳ ፓተርን፣ ያን ነጥቦች ላይ በጣት የሚሳል መክፈቻ፣ ከጠየቀህ፣ ባለቤቱን ያውቀዋል ማለት ነው፤ ንብረቱ ሁሉ አለ። «እንኳን ደህና መጡ፣ ቋንቋ ይምረጡ» ካለህ ግን ማንንም አያውቅም። ባዶ ነው። ተጠርጓል።

ዛሬ እዚያ ጥግ የተሰካው ስልክ የእትዬ የራሳቸው ነው።

እህትዎ እዚህ አጠገብዎ ተቀምጠዋል። ልናገረው እትዬ? እህትዬስ፣ ይፈቅዱልኛል? ራሳቸውን ነቀነቁ። እሺ።

እኚህ እህታቸው ከጉሮሮ ኦፕራሲዮን በኋላ ድምፃቸው ሄዷል። ይሰማሉ፣ ሁሉን ይረዳሉ፣ መናገር ግን አይችሉም። ከዚያ በፊት እንዴት ያለ ድምፅ እንደነበራቸው ይሄ ቤት ምስክር ነው። መጻፍ ስለማይወዱ ለእትዬ የሚልኩት ሁሉ በድምፅ ነበር፤ እትዬ ደግሞ እጃቸው ሥራ ላይ ስለሆነ በስፒከር ነው የሚከፍቱት። ደንበኛ ፊት፣ አለቃ ፊት! «አንቺ ሴትዮ፣ የቤቱን ቁልፍ ይዘሽብኝ ሄደሽ ደጅ ተጎልቼልሻለሁ!» ይላል ስልኩ። «ሽንኩርት ብዬሽ ድንች ታመጪያለሽ? ዓይንሽን ምን ነካው?» ይላል። እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። አለቃችን እንኳ ምሳ ሲወጣ «እህትየው ዛሬ አልተቆጡም?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

እነዚያ መልእክቶች ያሉት እዚያ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው። ሌላ የትም የሉም።

ዛሬ ጠዋት እህትየው፣ እትዬ አዲሱን ቀሚስ ለብሰው ሲወጡ ፎቶ ሊያነሷቸው ስልኩን ያዙ። አንድ ጽሑፍ መጥቶ ካሜራውን ጋረደባቸው። ያ ጽሑፍ ገለል እንዲል «እሺ» የሚለውን ነኩት። እትዬ መስታወት ፊት ናቸው፤ «ቆይ» የሚል ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። አፕዴቱ ተጫነ። ስልኩ ሎጎው ላይ ቀረ። እህትየው ይኸው ከጠዋት ጀምሮ የእትዬን እጅ አልለቀቁም፤ ይቅርታ እንኳ ማለት አይችሉም። እህትዬ፣ ማንም አልተቀየመዎትም። ያን «እሺ» በዓለም ላይ የማይጫን ሰው የለም።

ስልኩን ይዘው ሲገቡ «ባክአፕ አለው አይደል?» አልኳቸው። ሳስበው የሞኝ ጥያቄ ነው፤ ይሄን ቤት ሁሉን ነገር ኮፒ አድርጎ ማስቀመጥ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ግን መሬት መሬት አዩ።

«የለውም» አሉኝ።

«እንዴት እትዬ?»

«ሐኪሞቹ ድምፅዋ ይመለስ ይሆናል ብለውናል። ኮፒ ካደረግኩት... አይመለስም ብዬ ያመንኩ መሰለኝ። ስንቴ ልሰካው ተነስቼ ተውኩት።»

ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው። 

ከዚያ ኬብሉን ከሻርፑ ፈቱና ሰጡኝ። «እጄ እምቢ ብሎኛል፣ አንተ ጫነው» አሉኝ። ከፊቴ ሁለት ፋይሎች ነበሩ። አንደኛው ሲስተሙን ሲመልስ ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ያወጣል። ሌላው ምንም ሳይነካ ያልፋል። ስማቸው በጥቂት ፊደል ብቻ ነው የሚለያየው። መረጥኩ። ጣቴ «ጀምር» ላይ ሲደርስ፣ እንደ ወትሮው «ቆይ!» ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። ዞር ብዬ አየኋቸው፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።   ስለዚህ ራሴን «ቆይ» አልኩት። ባትሪውን አየሁ። ኬብሉን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። የፋይሉን ስም ለብየዳ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ እሱም መልሶ አነበበልኝ። ከዚያ ጫንኩት።

ፋይሉ ትክክል ነው እትዬ። ግን ትክክለኛ ፋይልም ቢሆን ዋስትና እንደማይሆን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። የውስጡ ጉዳት እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ስልኩ ሳይነሳ አይታወቅም።

አለቃችን «ዝግጅቱን እናዘግየው» ብሎ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ብቻዎን እዚያ ጥግ ቁጭ ብለው መስመር ሲቆጥሩ ማየት አልፈልግም። ስለዚህ እስኪጨርስ አወራለሁ፤ አፌ እስኪደርቅ አወራለሁ።

ላመሰግንዎት። «ጠፍቷል» የሚለውን ቃል ለደንበኛ ቆመው ሲናገሩ አይቼዎት አላውቅም። ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ፣ ዓይኑን ያያሉ፣ ከዚያ ነው የሚነግሩት። አንዷ ደንበኛ በንዴት ሰድባዎት ስትወጣ እኔ ተከትያት ልወጣ ስል ክንዴን ይዘው «ተዋት፣ ያጣችው እኮ እሷ ናት» አሉኝ። አባቴ ታሞ በተኛ ጊዜ የኔንም ጠረጴዛ የራስዎንም ጠረጴዛ ይዘው፣ ወሩ ሲያልቅ ለአለቃ «እሱ አንድም ቀን አልቀረም» ብለው ነገሩት። አለቃ፣ እንግዲህ ዛሬ ሰማህ፣ ምን ታደርገናለህ! እትዬ፣ እወድዎታለሁ። ይሄን በሥራ ቀን አልልዎትም ነበር፤ ያፍሩብኛል።

ይቆዩ።

መስመሩ ሞላ። «ተሳክቷል» ብሏል። አይ፣ አታጨብጭቡ! ገና ነው። እሱ የሚለው ጭኛለሁ ነው፣ ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም። ስልኩ እየተነሳ ነው። ማንም እንዳይነካው። ብየዳ፣ እጅህን!

ሎጎው መጣ። ጠዋት የቆመው እዚህ ላይ ነው። ... አሁንም ሎጎው ነው። እንደሚቆይ እናውቃለን፣ ከአዲስ ጭነት በኋላ ሁልጊዜ ይቆያል፤ እንዳይነሱ እትዬ፣ እህትዎን ይያዙልኝ። ... አሁንም እሱው ነው። ጠቆረ። ጠቆረ፣ አይ፣ ተመልሶ በራ። ሰዓት አወጣ። ሰዓቱን ይዟል፣ ከሥሩ...

ነጥቦች ናቸው። ፓተርን ነው! እትዬ፣ ፓተርን እየጠየቀ ነው! ያውቅዎታል!

አሁን አጨብጭቡ። አሁን እንደፈለጋችሁ ጩኹ። ብየዳ፣ ኬብሉን ቀስ አድርገህ ንቀልና ስልኩን አምጣላቸው፤ እኔ ብርጭቆ ልሙላ። አለቃ ደግሞ በሩን ይዝጋ፤ ይሄ ስልክ ኮፒ ሳይደረግ ዛሬ ከዚህ ቤት ማንም አይወጣም። እህትዬ፣ የእርስዎ ድምፅ ሲመለስ ደግሞ ኮፒውን አንድ ላይ ሆነን እናጠፋዋለን፤ ቃል ገብቻለሁ።

ብርጭቋችሁን አንሱልኝ፤ የማንም እንዳይጎድል። ለእትዬ ቆይ! ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን። ጠዋት ያለ ደወል የሚነሱበት፣ የማንም ስልክ የማያስጨንቅዎት፣ ከእህትዎ ጋር ሳይጣደፉ ቁርስ የሚበሉበት ረጅም ጊዜ ይሁንልዎ። እኛንም አይርሱን፤ በሩ ላይ ቆመው ሲጮሁብን መደንገጥ ለምደናል። ለጤናዎ!

እኔ ብዙ አወራሁ፣ በቃኝ። ከመልእክቶቹ አንዱን ይክፈቱልን እትዬ። ድምፁን ከፍ ያድርጉትና አሁን ደግሞ እህትዎ ይናገሩ።