ለፈረንጇ የተረዳ መርዶ

ቦሌ፣ አንዲት ፈረንጅ አስተማሪ ቤት ዘበኛ ነበርኩ። እናቷ አገሯ ሞቱና ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ሾፌሯ ጋሽ በቀለ ዘንድ ነው። መጥቶ አማከረኝ። «በእንግሊዝኛ ሞቱ ማለት ነውር ነው። ‹አለፉ›፣ ‹ተለዩን›፣ ‹ወደ ተሻለ ቦታ ሄዱ› ይባላል። አንዱን ቀስ ብዬ እነግራትና እወጣለሁ።»

«ተው እንጂ ጋሼ! ብቻዋን ስትሆን? ማን ደግፎ ይያዛት?» አልኩት። እኔ የማውቀው መርዶ በማለዳ፣ በጎረቤት ተከቦ ነው። ሰዓት እላፊው እንዳበቃ የሰፈሬን እድርተኛ ጠራሁ። ከሾላ እስከ ላምበረት ያለው ሰው ሁሉ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ ግቢው አልበቃ ብሎ ግማሹ ባሕር ዛፍ ላይ ወጣ።

በሩን አንኳኳን። ፈረንጇ በሌሊት ልብሷ ብቅ አለች። ያን ሁሉ ጋቢ ለባሽ ዝም ብሎ ቆሞ ስታየው፣ አብዮት ጥበቃ ሊወስዳት የመጣ መስሏት ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች። ጋሽ በቀለ ደነገጠና ሦስቱንም ባንድ ትንፋሽ ለቀቀው፤ አለፉ፣ ተለዩን፣ ወደ ተሻለ ቦታ ሄዱ።

«ማን? እኔ?» አለች፣ እጇን ሳታወርድ።

«እናትሽ።»

መጀመሪያ እፎይ አለች። ከዚያ ነገሩ ገባትና ወደ ፊት ዘመመች፤ መሬት ሳትደርስ ግን ሴቶቻችን ቀለቧት። እስኪመሽ አብረናት አለቀስን።

በዓመቱ አጎቴ ሞተ። እኔ ገና አልሰማሁም። በማለዳ በሬ ተንኳኳ፤ ብከፍት ፈረንጇ ነጠላ አዘቅዝቃ፣ አስተማሪ ጓደኞቿን ሁሉ ከኋላዋ አሰልፋ ዝም ብላ ቆማለች።

ምን ላድርግ፤ ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሳሁ።