የማያከሳው ሻይ

ኤቫንቲያ የደብሩን የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ሃያ ሦስት ዓመት ስታገለግል «ትሪው ሞላ ወይ?» ከሚል ጥያቄ በቀር አንዲት ሴት እንኳ ሌላ ነገር ጠይቃት አታውቅም። ሊጡን ማን አቦካው? ኤቫንቲያ። የተራራውን ሻይ ለመልቀም ገደል የወጣው ማን ነው? ኤቫንቲያ። ስብሰባ ሲጠራ ግን ወንበሩ ፊደል ለቆጠሩት ነው፤ እሷ በሩ ሥር ቆማ የተወሰነውን ትሰማለች። አለመማሯ እውነት ነው። በሰባት ዓመቷ ጥጥ ለቀማ የወጣች ልጅ ፊደሉን ከየት ታመጣዋለች? ዓይንና አፍንጫ ግን እግዚአብሔር ሰጥቷታል፤ ምላሷንማ የግሪኩ የቴሳሊያ ሜዳ በሙሉ ያውቀዋል።

የቅዱስ ዲሚትሪዮስ በዓል አራት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ገበያ መካከል ጎመን ስትመርጥ ከሚርሲኒ ጋር ድንገት ተገናኙ። ሚርሲኒ የጤና ጣቢያው የምግብ አማካሪ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ሰው አክባሪ ልጅ። ሌላ ጊዜ ኤቫንቲያን ስታይ ሮጣ ትስማታለች። ዛሬ ግን ራቅ ብላ ቆመች።

«ደህና አደሩ፣ ኪራ ኤቫንቲያ» አለቻት፤ በአገራቸው «ኪራ» ማለት «እትዬ» ነው።

«ደህና። ምነው ፊትሽ እንደ ኮመጠጠ ወተት ሆነ?»

«አልዋሽዎትም፣ ቅር ብሎኛል። ከእርስዎ አልጠበቅሁም ነበር።»

«ምን አደረግሁ? ጎመን ሰረቅሁ?»

ሚርሲኒ ከቦርሳዋ አንዲት የወረቀት ከረጢት አወጣች። ከረጢቷ ላይ የኤቫንቲያ ፎቶግራፍ ታትሟል፤ ለፋሲካ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ የተነሳችው።

«ይሄማ እኔ ነኝ!» አለች ኤቫንቲያ። ደስም አላት፤ እስከዚያች ቀን ፊቷን ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት ያውቃል? «ከጎኔ የተጻፈው ምን ይላል?»

ሚርሲኒ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችላት። «"ይህን ሻይ ጠጥቼ በአርባ ቀን አሥራ ሦስት ኪሎ ቀነስሁ። ሌላ ምንም አላደረግሁም። ኤቫንቲያ፣ የሰባ አንድ ዓመት እናት።" ከሥሩ ደግሞ "ገቢው ለማኅበራችን የሴቶች መጠጊያ ቤት" ይላል።»

ኤቫንቲያ የያዘችውን ጎመን ወደ ክምሩ መለሰች።

«አርባ ቀን?»

«አርባ ቀን ነው የሚለው።»

«አሥራ አራት ወር አልነበረም እንዴ?»

«አሥራ አራት ወር ከአንድ ሳምንት። የመዘንኩዎት እኔ አይደለሁ?»

«እና ይሄን እኔ ያልኩ መሰለሽ? ስሚ ልጄ፣ እኔ ሰው ሰድቤ አውቃለሁ፤ ቄሱንም ሰድቤ አውቃለሁ። በስሜ ውሸት ግን ሸጬ አላውቅም!»

ጎመን ሻጩ ዞር ብሎ አየ። ሚርሲኒ አፍራ አንገቷን ደፋች። መቼም የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ የታተመ ወረቀትና ያልተማረች አሮጊት ሲጣሉ ሁሉም የሚያምነው ወረቀቱን ነው።

ሁለቱ ሴቶች የተዋወቁት በጠብ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ሐኪሙ «ጉልበትሽ የሚያምሽ ከክብደትሽ ነው» ቢላት፣ ኤቫንቲያ ዐቢይ ጾምን በሙሉ አንጀቷ ጾመች። ሥጋ የለ፣ አይብ የለ፣ እንቁላል የለ። በትንሣኤ ማግስት ብትመዘን ሦስት ኪሎ ጨምራለች። ያን ዕለት ጤና ጣቢያው ገብታ ያለችውን እስካሁን ድረስ ያስታውሱታል፦ «የእግዚአብሔር ጾም ያወፍራል? ወይ ሚዛኑ ወይ አንቺ ከሁለት አንዳችሁ አረመኔ ናችሁ!»

ሚርሲኒ አልተቆጣችም። በጾሙ ምን ምን እንደበላች ጠየቀቻት። ዳቦ፣ ወይራ፣ የተጠበሰ ድንች፣ ከሰሊጥና ከስኳር የተጋገረ ሃልቫ። ሃልቫው በቀን ስንት? «እንደ ጡብ አንድ፤ ጾም ነዋ!» «ኃጢአት የለበትም ኪራ ኤቫንቲያ፤ ዘይትና ስኳር ግን አለበት። ጾሙ ለነፍስዎ ነው። ሆድዎ ስለ ሃልቫው የሚያውቀው ነገር የለም» ብላ አንድ ትልቅ ብልቃጥ ሰጠቻት። ከምግብ ሰዓት ውጭ በጎረሰች ቁጥር የጉርሻውን እኩያ ብልቃጡ ውስጥ እንድትጥል ነው። ኤቫንቲያ ሳቀች፤ ግን ነገሩን ማወቅ አማራት። ያን ቀን ለማኅበሩ ስምንት ትሪ የአይብ ፒታ ጋገረች። ያረረው ጠርዝ ለእንግዳ አይቀርብ፣ መጣሉ ደግሞ ኃጢአት ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የምትበላው እሷ ነበረች። ማታ ብልቃጡን ብትገለብጠው ያረረው ጠርዝ አንድ ሙሉ ትሪ ወጣው። ከሳህኑ ፊት ተቀምጣ ራሷን ነቀነቀች። «ሃያ ዓመት ሙሉ የማኅበሩ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ሆኜ ኖሬያለሁ!» አለች።

ከዚያ ወዲህ ጠርዙ ለዶሮዎች ሆነ። ዘይቱን ከጣሳው ማንቆርቆር ትታ በማንኪያ ለካች። የሳህኗን ግማሽ አትክልት ሞላችው፤ ምስርና ሽምብራው ዳቦውን ተካ። በየማታው በመስኖው ቦይ ዳር እየሄደች፣ መጀመሪያ እስከ ድልድዩ፣ ኋላ እስከ ጥጥ መዳመጫው ደረሰች። ሚዛኑ አንዳንዴ ሁለት ወር ንቅንቅ አይልም። በገና ጨምሮ በጥር ይወርዳል። ዘጠና ስድስት የነበረችው ሰማንያ ሦስት ገባች። ጉልበቷ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ሰው አያስጠራም።

«ሻዩን እጠጣ ነበር፤ ጠማኝና ጠጣሁት» አለች ኤቫንቲያ፣ ገበያው መካከል እንደቆመች። «ከቅርቃር ያወጣኝ ሻዩ ነው እንዴ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሳልጠይቅዎት ፈረድኩብዎት» አለች ሚርሲኒ። «ግን ቅሬታዬ ለራሴ ብቻ አይደለም። የአናጺውን ምራት ዛፊሮን ያውቋታል አይደል? አራስ ናት። ይህን አንብባ ስድስት ቀን ከሻይ በቀር ነገር አልቀመሰችም። ትናንት እያዞራት መጣች፤ ጡቷ እየነጠፈ ነው። ተይ ብላት፣ "ኪራ ኤቫንቲያ አትዋሽም" አለችኝ።»

ይህ ቃል ከስድብ ሁሉ ይልቅ ጠልቆ ወጋት። ዕድሜ ልኳን ያከማቸችው አንድ ሀብት ቢኖር የማትዋሽ መሆኗ ነው፤ እሱ ተወስዶ በከረጢት ተሸጠ። ከረጢቷን ቀደደችና አሸተተች። አሁንም አሸተተች።

«ይሄ የኔ ሻይ ብቻ አይደለም። ሆድ የሚያስቀምጠው ሰናመኪ ገብቶበታል! ይሄን ለአራስ? ነይ፣ ተከተይኝ።»

የማኅበሩን ሊቀመንበር ፖሊክሴኒን በደብሩ አዳራሽ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ከረጢት ስትሞላ አገኟት። ሠላሳ ዓመት ያስተማረች፣ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ ስትናገር ዛሬም ጥቁር ሰሌዳ ከኋላዋ ያለ ይመስላታል።

«እንኳን መጣሽ ኤቫንቲያ፤ ትሪዎቹ...»

«ትሪሽን ተይው። ሰናመኪውን ማን ጨመረው?»

ፖሊክሴኒ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አንድ ነጋዴ ነው ያመጣው። ቅጠል ነው፤ ሰው አይገድልም። በሦስት ቀን ልዩነቱ ይታያል አለን፤ እኔም ሞክሬ ሁለት ኪሎ ወርዶልኛል።»

«መጸዳጃ ቤት ነው የወረደልሽ!»

«እባክሽ አነጋገርሽን አስተካክይ።»

«የወረደው ውኃ ነው፣ እትዬ ፖሊክሴኒ» አለች ሚርሲኒ በትሕትና። «ስቡ ካለበት አልተነቃነቀም። ውኃ ሲጠጡ ኪሎው ተመልሶ ይመጣል። ሲደጋገም ደግሞ አንጀትን ያደክማል፤ ለአራስና ለታመመ ሰውማ አደጋ ነው።»

«ልጄ፣ ዕውቀትሽን አከብራለሁ። አንቺ ግን መጠጊያ ቤቱን አይተሻል? ማሞቂያው ተሰብሯል። አምስት እናቶች ከነልጆቻቸው፣ የባል ዱላ ሸሽተው የመጡ፣ በኅዳር ብርድ ሊያድሩ ነው። "አሥራ አራት ወር በእግርሽ ሂጂ፣ ዘይት ቀንሺ" የሚል ከረጢት ማን ይገዛል? ሰው የሚገዛው ተስፋ ነው። ለደግ ነገር ትንሽ ቢጋነን እግዚአብሔር ያያል።»

«እሱን አትጥሪብኝ፤ ሰናመኪውን ስታስገቡ አላማከራችሁትም» አለች ኤቫንቲያ። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ በዚያ አዳራሽ በስብሰባ ነገር ስትቀመጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አንቺ የተማርሽ ነሽ። አባትሽ በጥጥ መዳመጫው ሚዛን ላይ ስንት ዓመት ቆመ?»

«አርባ ዓመት። ለምን?»

«እኔም ለቃሚ ነበርኩ። ሌሊት ውኃ ረጭቶ እርጥብ ጥጥ የሚያመጣ ገበሬ አልነበረም? ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ከባድ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ይቀላል። ጥጡ ግን ጨመረ ወይስ ቀነሰ?»

«ጥጡማ ያው ነው።»

«እና አባትሽ ምን ያደርግ ነበር?»

ፖሊክሴኒ የአባቷን እጅ በዓይነ ሕሊናዋ አየችው፤ ጆንያው ውስጥ እስከ ክርኑ አስገብቶ የሚዳብሰውን።

«ይመልሰው ነበር» አለች። «ወንድሙን እንኳ መልሷል።»

«ወንድሙ ድሃ አልነበረም? ልጆቹ አይራቡም ነበር? ታዲያ ለምን መለሰው?»

«አንድ እርጥብ ጆንያ ካሳለፈ... ሚዛኑን ዳግመኛ የሚያምነው አይኖርም ይል ነበር።»

«ይኸው! ይሄ ሻይ ሰውን እንደ እርጥብ ጥጥ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። ነገ ዛፊሮ ተመዝና ያው ኪሎዋን ስታገኘው ማንን ትረግማለች? ሰናመኪውን? እኔን፣ ማኅበሩን፣ ያንን መጠጊያ ቤት! ደግሞ እነዚያ ሴቶች "አልመታሽም፣ ይሄ የመጨረሻዬ ነው" እየተባሉ ስንት ዓመት ተዋሽተዋል። የሚሞቁት እሳት እንኳ ከውሸት ይለቀምላቸው?»

ፖሊክሴኒ መነጽሯን አወለቀች፤ ጠረገችው፤ መልሳ አላደረገችውም። ስለ ዛፊሮ አልሰማችም ነበርና ሚርሲኒን ጠየቀቻት። ሚርሲኒም ነገረቻት። የመምህርት ድምፅ ጠፋና የሴት ድምፅ ቀረ።

«በዓሉ ለቅዳሜ ነው» አለች። «ከረጢቱ ታትሟል። ማሞቂያውስ? ሌላ ምን አለን?»

«ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በሩ ሥር ቆሜ የጠበቅሁት ጥያቄ ይሄ ነው» አለች ኤቫንቲያ። «ለመሆኑ ሰዉን "ማሞቂያው ተሰብሯል፣ እርዱን" ብላችሁ በግልጽ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? ሁልጊዜ ፒታ፣ ሁልጊዜ ሎተሪ፣ አሁን ደግሞ ማክሻ! ይሄ ሕዝብ ሕመሙን የነገሩት እንደሆነ ክፉ አይደለም።»

«ሻዩን በሻይነቱ እንሽጠው» አለች ሚርሲኒ፤ ዓይኗ በራ። «ሰናመኪው ይጣል። ኪራ ኤቫንቲያ የሄዱበትን መንገድ ደግሞ አብረን እንሂደው። ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ በየማታው ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ መዳመጫው፤ የመጣች ሁሉ የቻለችውን ለመጠጊያ ቤቱ ትስጥ። መመዘን የፈለገችን እኔ በሬን ዘግቼ እመዝናታለሁ፤ ቁጥሯ ከኔ አይወጣም።»

«የመጠጊያው ቤት ሴቶችም ከፈለጉ ይምጡ» አለች ኤቫንቲያ። «ተረጂ ተብለው ሳይሆን ጎረቤት ሆነው ይሂዱ። ብቻዋን መንገድ መውጣት የምትፈራ አለች፤ ሠላሳ ሴት ከከበባት ምን ትፈራለች?»

«ግን ስንት ይቀንሳሉ ብለን እንንገራቸው?» አለች ፖሊክሴኒ። የማወቅ ጉጉት ይዟት ነበር፤ ለፈተና የምትዘጋጅ ተማሪ መሰለች።

«አናውቅም እንበላቸዋ» አለች ሚርሲኒ። «አንዷ በወር አንድ ኪሎ፣ ሌላዋ ግማሽ፤ አንዷ ምንም አይወርድላት ይሆናል። ያም ሆኖ እንቅልፏ ይሻላል፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ አይቆራረጥም፣ የደም ግፊቷም ሊስተካከል ይችላል። ይህ ሁሉ ከሚዛኑ በፊት ይመጣል።»

«እኔን እይኝ» አለች ኤቫንቲያ። «ዛሬም ወፍራም ነኝ። ግን የጫማዬን ማሰሪያ ራሴ አስራለሁ፤ ሰባት ዓመት ጎረቤት ነበር የሚያስርልኝ። ይሄን ጻፊው። በአርባ ቀን ቆንጆ ሆነች ከሚለው ይሄ አይበልጥም?»

ፖሊክሴኒ ብዕር አነሳች። በየከረጢቱ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ቆርጣ ኤቫንቲያ የምትላትን ቃል በቃል ጻፈች፤ ሁለቴ አነበበችላት፤ ኤቫንቲያ አንድ ቦታ አስቆመቻት። «የድሮው ከረጢት "ምንም አላደረግሁም" ባለበት ቦታ "ብዙ ደከምኩ" ይግባ።» ተስተካከለ። ሰናመኪው የገባበት ሻይ በሙሉ ተሰብስቦ ወደ ፍግ ጉድጓድ ሄደ፤ ሚርሲኒ የተሸጡትን ከረጢቶች ከየቤቱ ልትሰበስብ የገዢዎቹን ስም ይዛ ወጣች።

ፖሊክሴኒ እፎይ ብላ ወንበሯ ላይ ደገፍ አለች። «መቼም አንቺ ሴት፣ ብትማሪ ኖሮ ማን ይችልሽ ነበር? በሚቀጥለው ስብሰባ ወንበር ይኖርሻል።»

«ወንበሩን አሁን ይዤዋለሁ፤ እሱን ተይው» አለች ኤቫንቲያ እየተነሳች። «ቤቴ የምስር ሾርባ ተጥዷል፤ ለዛፊሮ ልወስድላት ነው። መብላት እንድትጀምር የኔን ቃል ትሰማ ይሆናል። ውሸቱን የጻፈው ግን የኔ እጅ አይደለም፣ ያንቺ ነው። ድስቱን እኔ እሸከማለሁ፤ ይቅርታውን አልሸከምልሽም። ተነሺ፣ ፖሊክሴኒ፣ አብረን እንሂድና በአፍሽ ንገሪያት።»