የተማረከው ትራክተር

ቃሊቲ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነኝ። ባለፈው ሱዳን መስመር የሚሠራ ሾፌር መኪናውን እየሠራሁለት የድንበሩን ዜና በስልኩ ያሳየኛል። የኛ ጣቢያ አንድ ቀይ ትራክተር እያሳየ «ከገበሬያችን የተዘረፈ» ይላል። የሱዳኖቹም ጣቢያ ያንኑ ምስል አቅርቦ፣ ሾፌሩ ከአረብኛው እንደተረጎመልኝ፣ «ከወራሪ የተማረከ» ይላል። ጠጋ ብዬ ሳየው ግራ መብራቱ በሽቦ ታስሯል።

«ኧረ በማርያም! ይሄ እኮ እኔ ጓሮ ነው ያለው!»

ጋሽ ቢተው የሚባሉ የመተማ ገበሬ ካምቢዮው ተሰብሮባቸው አስጭነው ያመጡት ነው። ሾፌሩን ጎትቼ ወስጄ አሳየሁት። ሽቦውን ነካ ነካ አደረገ። አሁን ገባው ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ትራክተሩ ፊት ቆሞ ራሱን ፎቶ አነሳና «ጀግናው ትራክተር ከጠላት እጅ ተመለሰ!» ብሎ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው።

«ሰውዬ፣ ማንም አልወሰደውም! ካምቢዮው ነው የተሰበረው!»

«እሱን ብጽፍ ማን ያነበዋል?» አለኝ።

ሳይመሽ ጋሽ ቢተው ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ ትራክተርህ ተመለሰልህ እያለ አገሩ ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ይለኛል። ሳትነግረኝ ለሱዳኖቹ ሰጥተኸው ነበር እንዴ?»