ሲደርቅ የሚነጣው ቀለም

አዛውንቱ ቀለም ቀቢ የነጭ ዱቄት ከረጢታቸውን ተሸክመው ፎቁ ላይ እስኪወጡ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ አለ። ሐኪሙ «ይህን ብናኝ ካልተዉ ሳንባዎ አይተርፍም» ብሏቸዋል። እሳቸው ግን ዱቄት ያልገባበትን ቀለም ቀለም ብለው አያውቁም፤ ሙያ ነዋ! በሩ ላይ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ግጥም አሉ። ልጅቱ ኬሚስትሪ ተምራ ቀለም ፋብሪካ ትሠራለች፤ ፋብሪካው የላከው አዲስ ቀለም እንዴት እንደሆነ ልታይ ነው የመጣችው።

«ጋሼ! አሁንም ይሄን ከረጢት አልጣሉትም?»

«ምን ላድርግ ልጄ? የላካችሁትን ቀለም አሁን ግድግዳው ላይ ቀባሁት፤ ውሃ ነው እኮ። ያ የጭስ እድፍ ከሥሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዱቄት ካልጨመርኩበት የቤቱ ባለቤት ጉድ ያፈላብኛል።»

«እባክዎ፣ እስኪደርቅ ይታገሱ።»

«እርጥቡ ያልሸፈነውን ደረቁ ሊሸፍን? አንቺ ልጅ፣ እኔን ቀለም ልታስተምሪኝ?» አሉና ወገባቸው እስኪታጠፍ ሳሉ።

ልጅቱ ሳሉ እስኪያልፍላቸው ጠበቀች። የተማረ ሰው ሁሉ እንዲህ ቢታገሥ ምን ነበረበት!

«ጋሼ፣ የሳሙና ውሃ ውስጡን ያሳያል፤ አረፋው ግን ነጭ ነው። ለምን ይመስልዎታል?»

«እንጃ። አረፋ ስለሆነ ነዋ!»

«ውስጡ አየር ስላለ ነው። ብርሃን በአረፋው ቆዳና በአየሩ መካከል ሲያልፍ መንገዱን እየሳተ በየአቅጣጫው ይበተናል። በዚህ ቀለም ውስጥም በዓይን የማይታዩ፣ ሆዳቸው ባዶ የሆነ ድብልብል ቅንጣቶች አሉ። አሁን እርጥብ ስለሆኑ ውሃ ሞልቷቸዋል፤ ብርሃኑ ሰተት ብሎ ያልፋል። ሲደርቁ ግን ውሃው ወጥቶ በቦታው አየር ይገባል። ያኔ ብርሃኑን ይበትኑታል፤ ግድግዳውም ይነጣል።»

«እሺ፣ ይሁንልሽ» አሉ። አምነው አይደለም። ትከሻቸው ደክሟል፣ ደረታቸው ደክሟል፣ መከራከሩም ሰልችቷቸዋል። ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡ።

በመስኮቱ ነፋስ ይገባል። ግድግዳው ከዳር ጀምሮ ቀስ በቀስ እየነጣ መጣ፤ እድፉም የት እንደገባ ጠፋ። አዛውንቱ ተነሥተው በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ስንቱን ቀለም ሳይደርቅ ፈርጄበት ይሆን?»

«የድሮው ቀለም እርስዎ እንዳሉት ነበር ጋሼ። ይሄኛው ነው ሌላ። ከእንግዲህ ዱቄት መተንፈስ የለ፣ አንዱን ግድግዳ እየደጋገሙ መቀባት የለ፣ ክንድዎም ያርፋል።»

«ሳንባዬስ? እሱ ይመለሳል?»

ልጅቱ ልትዋሻቸው አልፈለገችም። «ያለፈው አይመለስም። የቀረውን ግን እናተርፋለን።»

«የቀረው እኮ ትንሽ ነው።»

«ትንሽም ቢሆን እንፈልገዋለን።»

አዛውንቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ብሩሻቸውን አጠቡ፣ እጃቸውን ጠረጉ። ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ገና በፀሐይ ወደ ቤታቸው ሄዱ።