ሁለት ነጭ ገጾች

(የ«ማገር» መጽሔት ዋና አዘጋጅ የነበረው መርዕድ ወንድይራድ በሚቀበርበት ቀን ረፋድ፤ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፤ በሟቹ የሥራ ክፍል ባለቤቱ የሺመቤትና የሠርጋቸው ሚዜ፣ የመጽሔቱ ባለንብረት ሽብሩ፣ እሱ ቤተ ክርስቲያን በሚያነበው የሕይወት ታሪክ ላይ ተፋጠዋል።)

ሽብሩ፦ ሰረዝሽው? እውነትም ሰረዝሽው?

የሺመቤት፦ ሰረዝኩት።

ሽብሩ፦ የሺ፣ ድንኳኑ ሞልቷል። አስከሬኑ በስምንት ሰዓት ከቤት ይወጣል። አሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንጣላ?

የሺመቤት፦ እሱን ብቻ አይደለም። «ታላቁ»፣ «አንጋፋው»፣ «ተወዳዳሪ የማይገኝለት» ያልካቸውንም አውጥቻቸዋለሁ። መርዕድ ቢሰማቸው ከሳጥኑ ተነሥቶ ያወጣቸው ነበር።

ሽብሩ፦ የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው። ትንሽ ቢሞገስ ምን አለበት?

የሺመቤት፦ የመርዕድ አንገት ልከኛ ነበር። ክራቫት የማስርለት እኔ ነኝ፤ አውቀዋለሁ።

ሽብሩ፦ እሺ፣ ሙገሳው ይቅር። «በጤናው መታወክ ምክንያት በገዛ ፈቃዱ ኃላፊነቱን አስረከበ» የሚለውን ግን መልሽልኝ።

የሺመቤት፦ ውሸት ነዋ።

ሽብሩ፦ ታሞ አልነበረም?

የሺመቤት፦ ታሟል። ካባረርከው በኋላ። በቦታው የጻፍኩትም ይህንኑ ነው።

ሽብሩ፦ ቀስ በይ! ጎረቤቶችሽ እነ እትዬ ስንዱ በር ላይ ናቸው።

የሺመቤት፦ ይስሙ። እሳቸውም የ«ማገር» አንባቢ ናቸው።

ሽብሩ፦ ያደረግሽው የሱን መነጽር ነው?

የሺመቤት፦ የኔን የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ።

ሽብሩ፦ ይታይሻል?

የሺመቤት፦ የምፈልገው ይታየኛል። ቀጥል፣ አንብብ።

ሽብሩ፦ «ደብረ ሲና ተወልዶ፣ በወጣትነቱ ማተሚያ ቤት በአራሚነት ተቀጥሮ...» ይሄ ደህና ነው። «በሥራው ምክንያት ሁለት ጊዜ ከባድ ፈተና ገጠመው።» ይሄንንም ነክተሽዋል!

የሺመቤት፦ «ሁለት ጊዜ ታሰረ» በለው። ስንቅ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ለፈተና ስንቅ አይቋጠርም።

ሽብሩ፦ እሺ፣ ታሰረ። «ለሃያ ዓመታት ‹ማገር›ን ሲያዘጋጅ አንድም ያልበሰለ ጽሑፍ አላሳለፈም።»

የሺመቤት፦ ያንተ ግጥም ምስክር ነው። ሦስት ጊዜ መለሰልህ።

ሽብሩ፦ አራት! ባለንብረቱ እኔ፣ ወረቀቱን የምገዛው እኔ፤ ግጥሜ ግን «አልበሰለም» ተብሎ ይመለሳል። በአራተኛው ምን ብሎ እንደጻፈልኝ ታውቂያለሽ? «ሽብሩ፣ አንተ እኮ ጥሩ ነጋዴ ነህ።»

የሺመቤት፦ አመስግኖህ ነው።

ሽብሩ፦ ስቄ ነበር። እወደው ነበር እኮ፣ የሺ።

የሺመቤት፦ አውቃለሁ። ሌላ ሰው እንዲያነብ ያልፈለግኩትም ለዚህ ነው።

ሽብሩ፦ እንግዲያው ስሚኝ። ጉልላት ይመጣል፤ የአበባ ጉንጉን አዝዟል። ልጄን ለልጁ የዳርኩለት ሰው ነው፤ የመጽሔታችን የጀርባ ሽፋንም ስንት ዓመት ሙሉ የሱ ማስታወቂያ ነው። ፊቱ ቆሜ «የጉልላት ፎቅ ተደርምሶ የቀን ሠራተኞች እንዴት እንደሞቱ የሚናገር ጽሑፍ ላትም ስላለ ተባረረ» ብዬ ላንብብ?

የሺመቤት፦ በትክክል እንናገር። ጽሑፉን አንሣው አልከው፤ አነሣው።

ሽብሩ፦ አነሣውና ሁለቱን ገጽ ነጭ አድርጎ ሰደደዋ! ከላይ «ፎቁ ለምን ወደቀ?» የሚል ርዕስ፣ ከሥር ምንም! ምነው ጽሑፉን ባተመው ኖሮ! በማግስቱ ስልኩ አላስቀምጥ አለኝ። ያልተጻፈውን ሁሉ ሰው ጻፈበት። የኔንም እጅ አስገቡበት፤ እኔ በዕድሜዬ ሲሚንቶ ነክቼ አላውቅም!

የሺመቤት፦ እንደዚያ ብለህ ብትጽፍ ቦታ ነበረህ። ሁለት ገጽ ሙሉ።

ሽብሩ፦ አትቀልጂ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ዝም አልኩ።

የሺመቤት፦ ዝም ብለህ አባረርከው።

ሽብሩ፦ ማስታወቂያው ቢቋረጥ መጽሔቱ ይዘጋ ነበር! ዛሬም ቢቋረጥ ይዘጋል። «ማገር» ቢዘጋ አፈር የሚገባው የማን ልፋት ነው? እሱ ያሠለጠናቸው ልጆች ናቸው ድንኳን ውስጥ ወንበር የሚደረድሩት። እነሱን እንኳ አስቢ።

የሺመቤት፦ አስቤያቸዋለሁ። ሌሊቱን ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

ሽብሩ፦ ሚዜያችሁ ነኝ። እስከ ዛሬ ምንም ለምኜሽ አላውቅም።

የሺመቤት፦ የሠርጋችን ቀን የእናቴን ጉልበት ስመህ ምን አልክ?

ሽብሩ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድሟ ነኝ» አልኩ። አሁንም ነኝ።

የሺመቤት፦ ወንድም የእህቱን ባል በውሸት ገንዞ አይቀብርም።

ሽብሩ፦ እሺ፣ በፈጠረሽ። ያንቺም ይቅር፣ የኔም ይቅር። ሕመሙም አይነሣ፣ መባረሩም አይነሣ።

የሺመቤት፦ ሁለቱም ይቅር?

ሽብሩ፦ ሁለቱም።

የሺመቤት፦ እሺ።

ሽብሩ፦ ተባረኪ! እኔ እኮ...

የሺመቤት፦ ቦታውን ግን ባዶ ተወው።

ሽብሩ፦ የምን ባዶ?

የሺመቤት፦ «ለሃያ ዓመታት ‹ማገር›ን አዘጋጀ» በልና ቁም። ሁለት ገጽ የሚነበብበትን ያህል ዝም በል። ከዚያ «በስድሳ ስድስት ዓመቱ ዐረፈ» ብለህ ቀጥል።

ሽብሩ፦ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ? ያ ሁሉ ሰው ፊት?

የሺመቤት፦ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።

ሽብሩ፦ ንባቡ ጠፋበት ይሉኛል።

የሺመቤት፦ ከደብረ ሲና የመጡት ዘመዶቹ ይሉ ይሆናል። አንባቢዎቹ አይሉም። ነጭ ገጽ ማንበብ እሱ አስተምሯቸዋል። አንዱ ቀና ይላል፣ ጎኑ ያለውን ይጎሽመዋል፣ ከዚያ ሁሉም ዞሮ ጉልላትን ያያል። ቀጥሎ አንተን።

ሽብሩ፦ እንደገና ሊጽፉበት ነው! ያደረግኩትንም ያላደረግኩትንም። ገደለው ይሉኛል፣ የሺ!

የሺመቤት፦ እኔ አላልኩህም።

ሽብሩ፦ በቃ፣ እሸቱ ያንብበው። ምክትሉ ነበር፤ ያምርበታል።

የሺመቤት፦ ይሁን። ግን እሸቱን ያሠለጠነው መርዕድ ነው፤ እሱ ከሆነ አራት ገጽ ነው ዝም የሚለው።

ሽብሩ፦ እናንተ ባልና ሚስት ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ! ሞቶም አያሳርፈኝ?

የሺመቤት፦ እሱ ዐርፏል። አሁን እኔ ነኝ።

ሽብሩ፦ ውጭ ደግሞ የምን ድምፅ ነው?

የሺመቤት፦ ቄሶቹ መጥተዋል መሰለኝ። ወስን።

ሽብሩ፦ ከዚህ ሁሉ እውነቱን ባነበው ይሻለኛል። ያደረግኩት ቢነገር ልኩ ይታወቃል። ጉልላትም ከፈለገ ጉንጉኑን ይዞ ይመለስ። በይ፣ የሰረዝነውን ያንቺን መልሽው።

የሺመቤት፦ የኔማ ቀረ። ይቅር አልክ፣ እሺ አልኩህ። አዲስ ጻፍ።

ሽብሩ፦ ምን ብዬ?

የሺመቤት፦ ቀዩ ብዕሩ ይኸውልህ፤ ክዳኑን እንዳትጥልብኝ። «አባረርኩት» ብለህ ጀምር፤ ካልበሰለ እመልስልሃለሁ።